ለተማሪ የሚከራይ ክፍል ለጤና ጉብኝት እንዴት ይሰናዳል?



መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከገጠር ወደ ወረዳ ከተማ የሚሄደውን ልጅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስንቁን በጆንያ፣ መኝታውን በአህያ አስጭኖ ይመጣል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከቀዬው ስለሚርቅ በየማታው ወደ እናቱ ቤት ሊመለስ አይችልም። ስለዚህ ከከተማው ዳር ካለ ቤተሰብ አንዲት ክፍል ይከራያል። አከራይቱም ብዙ ጊዜ ራሷ የገበሬ ሚስት ናት፤ ከመኖሪያ ቤቷ ጎን ያለውን የእህል ማስቀመጫ ወይም የከብት ቤት ጠርጋ፣ በር አበጅታ ታከራያለች። የኪራዩም ገንዘብ ለጨውና ለዘይት፣ ለልጆቿም ደብተር መግዣ ይሆናታል።

ይህ ለሁለቱም ወገን የሚጠቅም ነገር ነው። ነገር ግን ለእህል ወይም ለከብት የተሠራ ቤት ሰው ሊያድርበት እንዲሁ አይበቃም። ለዚህች ጽሑፍ መነሻ የሆነን ይኸው ነው። ክፍል የምታከራዩ እናቶች ቤቱን እንዴት እንደምታሰናዱ፣ ልጃችሁን ለኪራይ ቤት የምትሰጡ እናቶችም ምን ምን ማየት እንደሚገባችሁ በአጭሩ እንገልጻለን።

ጉብኝቱ ምንድን ነው?

በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየገጠሩ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ያስተምራሉ። በጉብኝታቸው ጊዜ መጸዳጃ ቤቱን፣ ውሃውን፣ ቆሻሻ የሚጣልበትን፣ ማድ ቤቱን፣ መኝታውንና የእንስሳቱን ማደሪያ ያያሉ። ትምህርቱን ተቀብሎ በሥራ ያዋለ ቤተሰብ ሞዴል ቤተሰብ ይባላል።

እኛም በየቤቱ ስንዞር ያስተዋልነው አንድ ነገር አለ። «መጡ! መጡ!» ሲባል ዶሮዎቹ በቅርጫት ይደፋሉ፤ ጥራጊው ከአልጋ ሥር ይገባል፤ ጀሪካኑ በጨርቅ ይሸፈናል። ታዲያ እንግዳው ሲሄድ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። እናቶች ሆይ፤ ጎብኚዋ በቤታችሁ የምትቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ተከራዩ ልጅ ግን ዓመት ሙሉ ያድርበታል። ቤቱ የሚሰናዳው ለሚያድርበት እንጂ ለሚያየው አይደለም። ለሚያድርበት ከተሰናዳ ደግሞ ጎብኚ በድንገት ቢመጣም የሚያሳፍር ነገር አይኖርም።

ሥራውን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። ጭቃ እስኪደርቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ትኋንም በአንድ ቀን አይጠፋም። ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብላችሁ ብትጀምሩ መልካም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና መስኮቱን፤ በሁለተኛው ተባዩንና ማብሰያውን፤ በሦስተኛው ውሃውንና መጸዳጃውን መሥራት ይቻላል።

1ኛ. ከሁሉ በፊት የከሰል ነገር

ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን አትርሱብን። በዘጋ ክፍል ውስጥ የገባ የከሰል ምድጃ ሰው ይገድላል።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህን ጋዝ ዓይን አያየውም፤ አፍንጫም አያሸተውም። በትንፋሽ ገብቶ ከደም ጋር ሲገናኝ የኦክስጅንን ስፍራ ይይዛል። በዚህን ጊዜ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አንጎሉና ልቡ ኦክስጅን ያጣሉ። መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፤ ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ጉልበቱም ይከዳዋል። የተኛ ሰው ግን ይህ ሁሉ ሳይታወቀው እንደ ተኛ ሊቀር ይችላል።

ብዙ ሰው፣ «ከሰሉ ፍም ከሆነና ጢሱ ካለቀ አይጎዳም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ጋዙ ከጢሱ ጋር አያልቅም፤ ከሰሉ እስከ ጋለ ድረስ ይወጣል። ተማሪው ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ፣ ምድጃውን እግሩ ሥር አድርጎ ያጠናል። እንደዚያው እንቅልፍ ይወስደዋል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ተከራዩ ቁልፉን በሚቀበልበት ቀን፣ «ልጄ፤ በዚህ ቤት ከሰል ወደ መኝታ አይገባም፤ ብርድ ከሆነብህ ብርድ ልብስ እሰጥሃለሁ» ብላችሁ ቁርጡን ንገሩት። ለማብሰያ የሚሆን፣ ከላይ ክዳን ያለው፣ ጎኑ ለነፋስ የተከፈተ ስፍራ ከደጅ አብጁለት። አራት ምሰሶና ጥቂት ቆርቆሮ ወይም ሣር ይበቃል።

ከሰል ባለበት ቤት ራሱን የታመመ ወይም የደነዘዘ ሰው ካገኛችሁ በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ ሰውየውን ቶሎ ወደ ውጭ አውጡት፤ ሳትዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። እናንተም ከክፍሉ ውስጥ አትቆዩ።

2ኛ. ግድግዳ፣ ጣሪያና መስኮት

በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትኋን ይደበቃል፤ አይጥም ይገባበታል። ስንጥቁን ሁሉ በጭድ በተቦካ ጭቃ ምረጉ። ምርጊቱ ሲደርቅ እንደ ገና ይሰነጠቃልና ሁለተኛ ጊዜ በቀጭኑ ደግሙት። ወለሉ ቁንጫ እንዳያፈራ ጉድጓዱ ይደልደል፤ ዙሪያውም በሚገባ ይጠረግ። ቤቱ ቀድሞ የከብት ማደሪያ ከነበረ ያረጀውን አፈር በአካፋ ልጣችሁ አውጡና አዲስ አፈር አልብሱት። ከላይ ብቻ ቢለቀለቅ ቁንጫው ከሥር ይቀራል።

ጣሪያው እንደሚያፈስና እንደማያፈስ ለማወቅ ቀን በሩን ዘግታችሁ ከውስጥ ሆናችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ፤ ብርሃን የሚያሳይ ቀዳዳ ሁሉ ዝናብ ያስገባል። ከቤቱ ዙሪያም የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፈር፤ አለዚያ ክረምት ሲመጣ ግድግዳው ከሥር ይረጥባል።

መስኮት የሌለው ቤት ሳጥን ነው። የመስኮቱ ስፋት ቢያንስ ከወለሉ ስፋት ዐሥር እጅ አንዱ መሆን አለበት። ለምሳሌ ክፍሉ በአንድ ወገን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ከሆነ ወለሉ 12 ካሬ ሜትር ነው፤ መስኮቱም 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ሳንቲም ቢሆን ይበቃዋል። የሚከፈትና የሚዘጋ ይሁን እንጂ በሚስማር የተመታ አይሁን።

ስለ መስኮት አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት አለን። የሳምባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ሲያስል ጀርሙ አየር በማይንቀሳቀስበት ክፍል ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ሦስትና አራት ልጆች በአንዲት ጠባብ ክፍል ተጨናንቀው ሲያድሩ አንዱ የያዘውን ሌላው ይወስዳል። ስለዚህ ኪራይ ለመጨመር ብላችሁ ልጆቹን አታብዙ። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ተከራይ ካለም፣ «ጉንፋን ነው፤ ይለቀዋል» ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ይሰጣል።

3ኛ. ትኋን፣ ቁንጫና ቅማል

የጠፍር አልጋ ለትኋን የተመቸ ነው፤ በጠፍሩና በእንጨቱ መጋጠሚያ ይሰፍርበታል። አልጋውን ወደ ፀሐይ አውጡና በየመጋጠሚያው የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ከሳምንት በኋላ ድገሙት፤ ምክንያቱም ከፈላው ውሃ ያመለጠ እንቁላል ኋላ ይፈለፈላል። ፍራሹንና ሰሌኑንም ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ ምቱ፤ ስፌት ስፌቱንም እያገላበጣችሁ ተመልከቱ።

አንድ ነገር አጥብቀን እንከለክላለን። ለሰብል የሚረጨውን የተባይ መድኃኒት ሰው በሚተኛበት ቤት አትርጩ። ከፍራሹና ከግድግዳው ላይ ቆይቶ ልጆቹን ይመርዛል።

ቅማል ከትኋን የከፋ ጠላት ነው። ትኋን እንቅልፍ ይነሣል እንጂ በሽታ ማስተላለፉ አልታወቀም፤ የልብስ ቅማል ግን ታይፈስንና ግርሻን ያመጣል። ብዙ ሕዝብ ተጨናንቆ በሚኖርበት፣ ልብስ መቀየሪያም በሌለበት ስፍራ እነዚህ በሽታዎች ፈጥነው ይዛመታሉ። ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን የግርሻው ጀርም የሚወጣው ቅማሉ ሲጨፈለቅ ነው፤ በተፋቀ ቆዳም በኩል ይገባል። ስለዚህ መጨፍለቁን ትተን ልብሱን እንቀቅል። ልብስ በሳሙና ወይም በእንዶድ ይታጠብ፤ ቅማል ያለበት ሲሆን ግን በፈላ ውሃ ውስጥ መቆየት አለበት። ለተከራዩ የልብስ ማጠቢያ ስፍራና የማድረቂያ ገመድ ስጡት። ይህ ብዙ ወጪ የለበትም።

ቀበሌያችሁ የወባ አገር ከሆነ ለእያንዳንዱ መኝታ አጎበር ይሰቀል። አጎበሩ እንዳይቀደድ፣ ኩራዝም እንዳይጠጋው ተጠንቀቁ። ለጥናት በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ቢገኝ ከኩራዝ እጅግ ይሻላል፤ ጢስም የለው፣ ቃጠሎም አያስነሣ። የኤሌክትሪክ መስመር ከዋናው ቤት የምትቀጥሉም ከሆነ ልጣጩ የተገፈፈ ሽቦ በግድግዳው ላይ አይኑር፤ ሥራውንም ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

4ኛ. እንስሳት ለብቻቸው

በግና ዶሮ ሌሊት ከሰው ጋር ሊያድሩ አይገባም። ቁንጫ ያመጣሉ፤ ኩሳቸውና ፋንድያቸውም ዝንብ ይጠራል። ዝንብ ደግሞ ከቆሻሻው ተነሥቶ በምግብ ላይ፣ በሕፃናትም ዓይን ላይ ያርፋል። በአገራችን ብዙ ሰው ለዕውርነት የዳረገው ትራኮማ ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። «ሌባ ይወስዳቸዋል» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ስጋታችሁም እውነት ነው። ከመኖሪያው ግድግዳ ጋር የተያያዘ፣ በሩ ግን ለብቻው የሆነና የሚቆለፍ ጋጣ ብትሠሩ ከሌባውም ከቁንጫውም ትድናላችሁ።

የቤት ጥራጊ የሚጣልበት ጉድጓድ ከቤቱ ራቅ ብሎ ይቆፈር፤ በየጊዜውም አፈር ይመለስበት። የበሰበሰው ለጓሮው ጎመን ማዳበሪያ ይሆናል።

5ኛ. ውሃ

ተማሪው ውሃ የሚቀዳበት የራሱ ጀሪካን ይኑረው። ጀሪካን አፉ ጠባብ ስለ ሆነ እጅ አይገባበትም፤ ከሰፊ ባልዲ ይሻላል። ነገር ግን ውስጡ አረንጓዴ ሲያበቅል ዝም አይባልም፤ ጠጠርና ውሃ ጨምሮ በኃይል መናጥ፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ከእንስራ ወይም ከባልዲ የምትቀዱ ከሆነ እጀታው ረጅም የሆነ መቅጃ ይኑር፤ የሚጠጣበትም ኩባያ ለብቻው ይሁን።

ውሃው ከወንዝ ወይም ካልተከደነ ጉድጓድ የተቀዳ ከሆነ ሳይፈላ አይጠጣ። በደጋ አገር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። በቆላ 1 ደቂቃ ይበቃል። የውሃ ማከሚያ መድኃኒት የምትጠቀሙ ከሆነ መጠኑ በዕቃው ላይ እንደ ተጻፈው ይሁን፤ ከጨመራችሁም በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትጠጡ።

6ኛ. መጸዳጃ ቤት

በጉብኝት ጊዜ ብዙ እናቶች የሚሳቀቁት በዚህ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ሊታረም የሚችለውም ይኸው ነው። የመጸዳጃው ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 15 ሜትር ይራቅ፤ ስፍራ ካለ 30 ሜትር ቢሆን ይበልጣል። ምንጊዜም ከውሃው በታች ባለው ቁልቁለት እንጂ ከበላዩ አይሁን። ወለሉ ሰው የሚችል ጠንካራ ይሁን፤ ቀዳዳውም እጀታ ያለው ክዳን ይኑረው። ከተጠቀሙ በኋላ አመድ መነስነስ ሽታንና ዝንብን ይቀንሳል።

ከመጸዳጃው አጠገብ እጅ መታጠቢያ መኖር አለበት። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ከታች የተበሳ አሮጌ ጀሪካን በገመድ ሰቅሎ ቀዳዳውን በእንጨት መወተፍ ይበቃል። ሳሙና ከታጣ በአመድ መታጠብ ይቻላል። ከመጸዳጃ መልስ፣ ምግብ ከማዘጋጀት በፊት፣ ከመብላትና ሕፃን ከማጉረስ በፊት፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ ሁልጊዜ እጅ ይታጠባል። ጎብኚዋም ጀሪካኑ መሰቀሉን ብቻ አይታ አትሄድም፤ ውሃ ያለበት መሆኑንና ሥሩ ያለው መሬት መርጠቡን ታያለች። መሬቱ ደረቅ ከሆነ የታጠበ ሰው እንደሌለ ይታወቃል።

መጸዳጃውን ባለቤቱና ተከራዩ በጋራ የሚጠቀሙበት ከሆነ ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጸዳ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ብዙ ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ማንም ካልተመደበ ማንም አያጸዳም።

7ኛ. ተከራይዋ ሴት ልጅ ከሆነች

የሴት ልጅ ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የክፍልዋ በር ከውስጥ የሚዘጋ ጠንካራ መቀርቀሪያ ይኑረው። መጸዳጃውም በርና መቀርቀሪያ ይኑረው፤ ሌሊት በጨለማ ርቃ እንዳትሄድ መንገዱ የተመነጠረና ቅርብ ይሁን። በወር አበባዋ ጊዜ የምትታጠብበት የተከለለ ስፍራና ውሃ ያስፈልጋታል። በጨርቅ የምትጠቀም እንደ ሆነ ጨርቁ በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ በሐፍረት ከፍራሽ ሥር ተደብቆ እርጥቡን መዋል የለበትም። አከራይ እናት ሆይ፤ ይህን ለልጅቱ ቀስ ብለው ይንገሯት። እናትዋ ሩቅ ናትና ከእርስዎ በቀር የምትጠይቀው ላይኖራት ይችላል።

ልጃችሁን ለምትልኩ እናቶች

ኪራይ ስትዋዋሉ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። ወደ ክፍሉ ገብታችሁ በሩን ዝጉና ለጥቂት ጊዜ ቁሙ። ይተፍናል? ይሸታል? መስኮቱ ይከፈታል? ግድግዳው በእጅ ሲዳሰስ ርጥበት አለው? ፍራሹን ገልብጣችሁ እዩ። ልጁ የት እንደሚያበስል ጠይቁ፤ «እዚሁ ውስጥ» ከተባላችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ ወይም ከደጅ ስፍራ እንዲሰጠው ተስማሙ። ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ መጸዳጃውም የት እንደሆነ ዓይታችሁ ሂዱ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ልጃችሁንም ስለ ከሰሉ ራሳችሁ አስጠንቅቁት።

በመጨረሻ አንዲት ምክር እንጨምር

ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ጎብኚዋም ተከራዩም ከመምጣታቸው በፊት፣ አከራይ እናት አንድ ሌሊት እዚያው ክፍል ውስጥ ትደር። በዚያው አልጋ ትተኛ፤ ከዚያው ጀሪካን ትጠጣ፤ ሌሊትም ወደዚያው መጸዳጃ ትሂድ። ትኋኑ ካለ ይነክሳታል፤ ጣሪያው ካፈሰሰ ያረጥባታል፤ መንገዱ ከጨለመ ያደናቅፋታል። ጠዋት ስትነሣ ገና ምን እንደ ቀረ ከማንም ጎብኚ ይልቅ እርስዋ ታውቃለች።

ሲነጋ ደህና አድሬያለሁ ካለች ቤቱ ተሰናድቷል ማለት ነው። የቀረ ነገር ካለም ተከራዩ ሳይገባ ይታረም። የሰው ልጅ አደራ ነውና ዛሬ የሌላዋን እናት ልጅ በንጹሕ ቤት ብናሳድር፣ ነገ የእኛንም ልጅ እንዲሁ የሚያሳድርልን አይታጣም።